ሳይቃጠል በቅጠል



በዚህ ዓምድ ስለ ልጆች አስተዳደግ፣ ስለ ጉርብትናና ስለ ቤት ወጪ ስንጨዋወት ቆይተናል። ዛሬ የምናነሣው ጉዳይ ደግሞ ከግድግዳ ውስጥ የሚቀር ነው፤ ይኸውም በየቤታችን የሚዘረጋው የኤሌክትሪክ መስመር። «ይህማ የባለሙያዎች ነገር ነው» የሚል አንባቢ ቢኖር ጥቂት ይታገሠን። ነገሩ በእኛው ቤት ደርሷል፤ ጥፋቱም የባለሙያው ብቻ አልነበረም።

ሰቆጣን የሚያውቅ ሰው የጨው ገበያዋን ታሪክ ሳይሰማ አይቀርም። ከአፋር ቆላ ተቆርጦ የሚመጣው አሞሌ ደጋውን ወጥቶ እዚህ ይሸጥ ነበር። አሞሌ እንደ ገንዘብም ስለሚያገለግል ዋጋው በሙሉነቱ ነበር፤ የተሸረፈና ርጥበት የበላው አሞሌ እንደ ሙሉው አይቆጠርም። ገዢው አገላብጦ አይቶ «ይህ ጎደሎ ነው» ብሎ መመለስ ይችል ነበር። በግድግዳ ውስጥ የተቀበረ ሽቦ ግን ተገላብጦ አይታይም። ጎደሎነቱ የሚታወቀው ሲያቃጥል ወይም ሰው ሲይዝ ነው።

በሰሜኑ ጦርነት ጊዜ ከተማችን ለብዙ ወራት ያለ ኤሌክትሪክ መቆየቷን የዋግ ሰው ሁሉ ያስታውሰዋል። ወፍጮ ቆመ፣ ልጆች በኩራዝ አጠኑ፣ እናቶች ወደ ማገዶ ተመለሱ። በጥቅምት 2015 ዓ.ም. በፕሪቶሪያ ስምምነት ተፈርሞ፣ ከዚያም መብራቱ ሲመለስ፣ የተበላሸውን የሚያስጠግነው፣ አዲስ መስመር የሚያስዘረጋው፣ ምጣድ የሚገዛው ብዙ ሆነ። እኛም ከነዚያ አንዱ ነበርን። ረመዳን ሊገባ ጥቂት ቀናት ሲቀሩት ሦስት ክፍሎችንና አንዲት ማድቤትን የሚያሠራልን ሰው መፈለግ ጀመርን።

ያገኘነው ሰው ፈቃድ ያለው ነው። የሙያ ብቃት ማረጋገጫውን በፕላስቲክ አስለብጦ ይዞ መጣ። አባቱ በመስጊድ ከጎናችን የሚሰግዱ፣ በጀማዓው የተከበሩ አዛውንት ናቸው። ሒሳቡን ሲነግረን በዛብንና «ወጪ ቀንስልን» አልነው። እሱም ቀነሰልን። ምኑን እንደቀነሰ አልጠየቅነውም። በአንድ ቀን ተኩል ጨርሶ ሲሄድ አምፖሉ ሁሉ በራ፣ እኛም መርቀን ሸኘነው። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች የሚባለው ለእንዲህ ያለው ነው።

ከጥቂት ጊዜ በኋላ ባለቤታችን «የምጣዱ መሰኪያ ይግላል» አለችን። ምጣድ አይደል፣ መጋሉ የት ይቀራል ብለን አለፍነው። አንድ ቀን የስምንት ዓመቷ ልጃችን በባዶ እግሯ፣ ውኃ በፈሰሰበት ወለል ላይ ቆማ የምጣዱን ብረት ስትነካ ጮኸች። «አባዬ፣ ምጣዱ ነከሰኝ» አለች። እጇ አልቆሰለም፤ ለአላህ ምስጋና ይድረሰውና ወደ ኋላ ወርውሯት ለቀቃት። ያን ቀን ዋናውን ማጥፊያ አወረድን፤ በማግሥቱ በሙያ ትምህርት ቤት የሚያስተምር ወዳጃችንን ጠርተን መስመሩን አስፈተሽን።

ያገኘውን በተራ እንንገራችሁ። ሽቦ ማለት የውኃ ቧንቧ ማለት ነው፤ ብዙ ለማስተላለፍ ወፈር ማለት አለበት። አንድ የእንጀራ ምጣድ 3,500 ዋት ያህል ይወስዳል። ይህ በ220 ቮልት ሲካፈል 16 አምፔር ገደማ ይሆናል። ለምጣዱ የተዘረጋው ግን ለአምፖል የሚሆነው 1.5 የሚባለው ቀጭን ሽቦ ነበር። ለተራ ሶኬት 2.5፣ ለምጣድ ደግሞ ለብቻው የሚሄድ 4 ሽቦ መዘርጋት የተለመደ የሙያው አሠራር ነው። በዚያ ላይ ባልቦላው 32 አምፔር ነበር። ባልቦላ የተሠራው ሽቦው ከመጋሉ በፊት ቀድሞ እንዲወድቅ ነው። ባልቦላው ከሽቦው ከበረታ ሽቦው ይቃጠላል፣ ባልቦላው ግን ቆሞ ያያል። ኮርኒሱ ላይ ያሉት መገጣጠሚያዎችም በእጅ ተጠማዝዘው በናስትሮ ብቻ ተጠቅልለዋል። የላላ መገጣጠሚያ ይግላል፤ ከቆርቆሮ ጣሪያ በታች፣ በደረቅ እንጨት መካከል የሚግል ነገር ምን እንደሚያስከትል መናገር አያስፈልግም።

ከሁሉም የከፋው የመሬቱ ሽቦ ነበር። ባለሙያዎች ግራውንድ የሚሉት ይህ አረንጓዴና ቢጫ ሽቦ ሥራው ኮረንቲ ወደ ዕቃው ብረት ሲያፈተልክ በሰው ገላ ከማለፍ ይልቅ ወደ መሬት እንዲወርድ መንገድ መስጠት ነው። በእኛ ቤት ሽቦው ከሶኬቱ ጋር በሚገባ ታስሯል። ሌላው ጫፍ ግን ከቆጣሪው አጠገብ ተቆርጦ በልስን ተሸፍኖ ተገኘ። መሬት ውስጥ የገባ ዘንግ ጨርሶ አልነበረም። የተቀነሰልን ወጪ እሱ ነበር።

ይህ ለማንም አደገኛ ነው፤ ለዋግ ደጋ ደግሞ ይበልጥ። አፈራችን ስስ፣ ከሥሩም ዐለት ነው። ዝናቡም በአብዛኛው በሐምሌና በነሐሴ መጥቶ ያልፋል። ደረቅ አፈርና ዐለት ኮረንቲን በደንብ አይቀበሉም፤ ስለሆነም በክረምት ደህና የሚሠራ የመሬት ዘንግ በመጋቢት ምንም ላይሠራ ይችላል። ክንድ በማትሞላ ብረት «ግራውንድ አስገብቻለሁ» ማለት ራስን ማታለል ነው። በሰው ልብ ላይ 30 ሚሊ አምፔር ያህል ኮረንቲ ቢያልፍ ሊገድል ይችላል። በ220 ቮልት የሚበራ ባለ 60 ዋት አምፖል የሚወስደው ከዚህ ዘጠኝ እጥፍ ነው። አንድ ልጅ ለመጉዳት ምን ያህል ትንሽ እንደሚበቃ ከዚህ ይታያል።

እስከዚህ ያለው የባለሙያው ጥፋት ነው። የእኛ የሚጀምረው ከዚህ በኋላ ነው።

ለልጁ ነገርነው። «ነገ እመጣለሁ» አለን። ነገ ሳምንት ሆነ። በዚህ መሐል ባሏ የሞተባት፣ እንጀራ ጋግራ በመሸጥ ሁለት ልጆች የምታሳድግ ጎረቤታችን በር ላይ አግኝታን «ኡስታዝ፣ የእናንተን ቤት የሠራው ልጅ እንዴት ነው? እኔም ለምጣዴ መስመር ላሠራ ነበር» አለችን። የልጁ አባት በዓይናችን መጡብን፤ የሱብሒ ሰላት ላይ የሚሰጡን ሰላምታ፣ የጀማዓው ወሬ፣ ይሉኝታው ሁሉ መጣብን። «አልሐምዱሊላህ፣ ደህና ነው» ብለን መለስንላት። ሐሜት እንዳይሆንብን ብለንም ራሳችንን አጽናናን።

ወር ሳይሞላ አንድ ቀን ጎሕ ሲቀድ ጩኸት ሰምተን ሮጥን። የምጣዷ ሶኬት ነድዶ መጋረጃውን ይዞታል። አንድ ወጣት የውኃ ጀሪካን ይዞ ሲገባ ሌላው «ውኃ እንዳትደፋ፣ መጀመሪያ ኮረንቲውን አጥፉ!» ብሎ አስቆመው። ዋናው ማጥፊያ ከወረደ በኋላ በአፈር ታፍኖ ጠፋ። ልጆቿ ተርፈዋል። ምጣዷና አንድ ኩንታል ሊሞላ ጥቂት የቀረው የጤፍ ዱቄቷ ግን አልተረፈም። እኛን ስታይ አልተቆጣችም። «ኡስታዝ፣ እርስዎን ጠይቄ ነበር እኮ» ብቻ አለች።

ውድ አንባቢዎቻችን፣ ከመድረሳም ከመንግሥት ትምህርት ቤትም ተምረናል፤ ይህችን ዓረፍተ ነገር የምንመልስበት ግን አንዳች አላገኘንም።

ወደ ቤት ተመልሰን የምናውቀውን ኪታብ ገለጥን። ኢማም ነወዊ በሪያዱ ሷሊሒን ሐሜት የሚፈቀድባቸውን ስድስት ሁኔታዎች ዘርዝረዋል። የተበደለ ሰው መብቱን ሊጠይቅ ሲል መናገሩና ምክር ለጠየቀ ሰው እውነቱን መንገር ከነዚያ ውስጥ ናቸው። ይህን ለተማሪዎቻችን ያስተማርነው እኛው ነን። የታመነበትን ሰው ጉድለት በየቡናው ማንሣት ሐሜት ነው። ልጆቿን ይዛ በዚያ ቤት የምታድር እናት ስትጠይቅ ዝም ማለት ግን የሷን አማና መብላት ነው። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) በገበያ ሲያልፉ እጃቸውን ወደ እህል ክምር አግብተው ከሥሩ ርጥበት እንዳገኙ፣ ሻጩንም ርጥቡን ሰው እንዲያየው ከላይ ለምን እንዳላደረገው እንደጠየቁት በሙስሊም ዘገባ የታወቀ ነው። በልስን ሥር የተቆረጠው ሽቦ ያ ርጥብ እህል ነው። ርጥብ መሆኑን እያወቅን «ደረቅ ነው» ያልነው ደግሞ እኛ ነን።

በሦስተኛው ቀን ከጎረቤታችንና ከሁለት ሽማግሌዎች ጋር ወደ ልጁ ቤት ሄድን። አባቱም ነበሩ። ልጁ አቀርቅሮ ሰማንና እንዲህ አለ፦ «ኡስታዝ፣ ወጪ ቀንስ ስትሉኝ ምኑን ልቀንስ? አምፖል ብቀንስ ታዩታላችሁ። የማይታየውን ቀነስኩ። ሁሉም ሰው እንዲሁ ነው የሚለኝ።» ነገሩ ልባችንን ነካው፤ ከፊሉ እውነት ነበርና። አባቱ ግን «ታዲያ አይሆንም ብለህ ጥለህ አትመጣም ነበር? የፈቃዱ ወረቀት የተሰጠህ እኮ አንተ እንድታውቅላቸው ነው» አሉት። እኛ ሽማግሌ ስለ ፈራን ዝም ያልነውን፣ ሽማግሌው ራሳቸው ተናገሩት።

የእስልምና ሕግ ሊቃውንት ለብዙ ሰው የሚሠራ ባለሙያ የእጁ ሥራ ያበላሸውን ሊተካ ይገባል ወይ በሚለው ላይ ሲነጋገሩ ብዙዎቹ ይተካል ብለዋል። የአገራችንም ሕግ ከዚህ አይርቅም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ የሥራ ውል የሚያደርግ ሰው በራሱ ኃላፊነት አንድን ውጤት ሊያስገኝ የገባ ሰው መሆኑን ይናገራል። የኤሌክትሪክ ሥራን የሚቆጣጠር መሥሪያ ቤትም በ1989 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 86 ተቋቁሞ፣ በ2006 ዓ.ም. በኢነርጂ አዋጅ ቁጥር 810 ኢነርጂ ባለሥልጣን፣ በኋላም ነዳጅና ኢነርጂ ባለሥልጣን ሆኗል። ለሕንፃዎች የኤሌክትሪክ ዝርጋታም ከ1987 ዓ.ም. ጀምሮ የተጻፈ የአገር ደረጃ አለ። ሕጉ ሳይኖር ቀርቶ አይደለም ቤታችን ለአደጋ የተጋለጠው። ፈቃድ ሰውየው በተፈተነበት ቀን ማወቁን ይመሰክራል፤ በእኛ ቤት ያን ቀን ከሰዓት በኋላ ምን እንደሠራ ግን የሚመሰክረው ሥራውን የሚያይ ዓይን ብቻ ነው።

ይህ የድኻ አገር ችግር ብቻ እንዳይመስለን። በእንግሊዝ አገር በ2004 እ.ኤ.አ. የአንዲት የፓርላማ አባል ልጅ በገዛ ማድቤቷ በኮረንቲ ተይዛ ሞታለች። ኬብሉ በግድግዳው ውስጥ በማይጠበቅ መንገድ ተቀብሮ ስለ ነበር የዕቃ መስቀያው ብሎን አግኝቶታል። በተከታዩ ዓመት ጥር ወር ላይ በእንግሊዝና በዌልስ የመኖሪያ ቤት የኤሌክትሪክ ሥራ በሕንፃ ደንብ ቁጥጥር ሥር ገባ። የማይታይ ሥራ በየትም አገር የሚያይ ሰው ይፈልጋል።

በሽማግሌዎቹ ፊት የተስማማነው ይህ ነው። ልጁ ሁለቱንም ቤት በራሱ ወጪ እንደገና ሊሠራ፣ ወዳጃችን ደግሞ ልስኑ ሳይመረግ ሊያየው፣ ምጣዷንም ልጁ ሊተካ ተጻፈ፣ ተፈረመ። የዱቄቱን ዋጋ እኛ ከፈልን፤ በእኛ ቃል ነው የጠራችውና። የመሬቱን ዘንግ ለማስገባት በቤታችን አጠገብ ቢሞከር በክንድ ጥልቀት ዐለት መታ። በመጨረሻ ከቤቱ ጀርባ፣ የልብስ እጥበት ውኃ በሚወርድበት ዝቅ ያለ ቦታ ተቆፍሮ ሁለት ዘንጎች ተራርቀው ገቡና በሽቦ ተያያዙ። በዙሪያቸው ከሰልና ጨው ተደረገ። ጨው ርጥበት ይይዛል፤ ሆኖም በጊዜ ብዛት ታጥቦ ይሄዳል፣ ብረቱንም ይበላል፤ ስለዚህ በየጊዜው በመሣሪያ መለካት ያስፈልጋል። ካፈተለከ በቅጽበት የሚቆርጥ፣ በ30 ሚሊ አምፔር የሚወድቅ ባልቦላም ተጨመረ። እንደኛ መሬቱ ዐለት ለሆነበት ሰው ይህ ባልቦላ ቅንጦት አይደለም።

እንግዲህ ከደረሰብን የተማርነውን በአጭሩ እናካፍላችሁ።

ከሥራው በፊት፦ ፈቃዱን ጠይቁ፣ በራሱ ስም መሆኑንና ጊዜው አለማለፉን አረጋግጡ። ምን ዓይነት ሽቦ፣ ስንት ሶኬት፣ ስንት ባልቦላ፣ ምን ያህል ርዝመት ያለው የመሬት ዘንግ እንደሚገባ በአንድ ወረቀት ላይ ይጻፍና ሁለታችሁም ፈርሙ። ዋጋ ስታስቀንሱ የተቀነሰው ነገር ምን እንደሆነ ጠይቁ። ሽቦ ስትገዙ ጫፉን በቢላዋ ፋቁት፤ ላይ ላዩን መዳብ መስሎ ውስጡ ነጭ ከሆነ በመዳብ የተለበጠ አሉሚኒየም ነው፤ አትግዙት።

ሥራው ሲሠራ፦ ልስን ከመመረጉ በፊት ግድግዳውን በስልካችሁ ፎቶ አንሡት። ነገ ምስማር ስትመቱም ይጠቅማችኋል። የሠራተኛውን ሐቅ ማዘግየት በደል ስለሆነ መቼ ምን ያህል እንደሚከፈል አስቀድማችሁ ተነጋገሩ፤ ጥቂቱ ከፍተሻ በኋላ የሚከፈል እንዲሆን በስምምነት አስቀሩ። ርክክቡ ምጣዱ ለአንድ ሰዓት ከተሠራበት በኋላ ይሁን። መሰኪያው ከጋለ፣ የተቃጠለ ፕላስቲክ ከሸተተ፣ አምፖሉ ከተርገበገበ ሥራው አላለቀም።

ጥፋት ከተገኘ፦ መጀመሪያ ዋናውን አጥፉ። ዕቃው ሰው ከያዘ፣ ትንሽም ቢሆን፣ «ነዘር ብቻ ነው» ብላችሁ አትለፉት። ያገኛችሁትን ፎቶ አንሥታችሁ ቀኑን ጻፉ። ሌላ ባለሙያ አይቶ በጽሑፍ እንዲሰጣችሁ ጠይቁ። ከዚያ ለሠራው ሰው ለብቻው፣ ሳታዋርዱት ንገሩት፤ ቀንም ቁረጡለት። በ2006 ዓ.ም. የወጣው የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813 ጉድለት ላለበት አገልግሎት ማረሚያ ወይም ገንዘብ የማስመለስ መብት ሰጥቷል፤ ጊዜው አጭር ስለሆነ እንደኛ ሳምንት በሳምንት ላይ አትጨምሩ። እንቢ ካለ ሽማግሌ፣ ሽማግሌም ካልሆነለት የንግድ ጽሕፈት ቤትና ፍርድ ቤት አሉ። ወደዚያ መሄድ ጠብ አይደለም።

ከቆጣሪው ወደ ውጭ ያለው የኤሌክትሪክ አገልግሎት ነው፤ ከቆጣሪው ወደ ውስጥ ያለው የእኛ ነው። በተከዜ ወንዛችን ላይ በ2002 ዓ.ም. የተመረቀው ግድብ 188 ሜትር ቁመት፣ 300 ሜጋ ዋት ዐቅም ያለው ታላቅ ሥራ ነው፤ ስንት መሐንዲስ ተቆጣጥሮታል። ልጆቻችን የሚተኙበትን የመጨረሻውን ዐሥር ሜትር ግን እኛ ካልተቆጣጠርነው ማንም አይቆጣጠርልንም።

ዛሬ ልጁ ሥራውን እየሠራ ነው። ስለ እሱ የሚጠይቀን ሰው ሲመጣ በመጀመሪያ ያበላሸውን፣ በኋላም እንዴት አድርጎ እንዳረመው ሁለቱንም እንነግራለን። እንዲህ እንደምናደርግ ለራሱም ነግረነዋል፤ ተስማምቷል። ልጃችን ግን ምጣዱን አሁንም በጨርቅ ሳትይዝ አትነካውም፤ እኛም «አሁን ደህና ነው» ብለን አላስገደድናትም። ቃላችንን እስክታምን ጊዜ ይወስዳል።

አላህ (ሱ.ወ) ቤታችንን ከእሳት፣ ምላሳችንንም ከሐሜትና ከማይገባ ዝምታ ይጠብቅልን። ለወሩ በሰላም ያገናኘን።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።